ፓምፕ የማይወጣበት ፋብሪካ

የካቲት 22

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ያለህበት ይበርዳል? ጃኬትህን ሳትይዝ ስለሄድክ ይህንኑ ሳስብ ነው የከረምኩት። እኔ ደህና ነኝ። ድምፄ ጎርንኗል። ስልክ ሳነሳ ሰዎች አንተ እመስላቸውና ይደነግጣሉ።

ለአጎታችን የምጽፈው ደብዳቤ አንተ ሳታየው ፖስታ ቤት ደርሶ አያውቅም። «ሰላምታው አንሷል፣ ሰውዬው ይቀየመናል» ትላለህ፤ ወይ ደግሞ «ይሄን አውጣው፣ ለማኝ አስመሰልከን» ትላለህ። ከመስከረም ወዲህ የጻፍኩትን ግን ያየልኝ የለም። ስለዚህ የእኔን ግልባጭም የእሱንም በየቀናቸው ደርድሬ አቅርቤልሃለሁ። ያበላሸሁት ካለ እንደ ልማድህ ጆሮዬን ይዘህ ንገረኝ።

መጀመሪያ አንተ ያላየኸውን ልንገርህ። በመስከረም መጨረሻ፣ ፈረቃህ ሳያልቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከነሥራ ልብስህ ቤት መጣህ። «ሆዴን ነው» ብለህ የእማ አልጋ ላይ ወደቅክ። ስታስመልስ ዋልክ። እማ «የበላኸው ነገር ነው» ስትልህ «ምን በላሁና» ብለህ ሳቅክ። ላብ ሲያጠምቅህ ጃኬትህን አውልቃ ከበሩ ኋላ ሰቀለችው። ሳይመሽ የፋብሪካው መኪና መጥቶ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወሰዱህ። እስከዚህ ታውቀዋለህ።

በሳምንቱ የፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ሹም መጣ። አንተ «ጉንፋን» የምትለው፣ መሐረብ ከአፍንጫው የማይለየው ሰውዬ። ግቢ ውስጥ መኪና ተገልብጦብህ ሞትክ፣ ቀብርህም እዚያው ግቢ ውስጥ ተፈጸመ አለን።

«መኪና መንዳት አይችልም እኮ» አለች እማ።

«ተሳፍሮ ነው።»

«ታሞ በብርድ ልብስ የተወሰደ ሰው ወዴት ተሳፈረ?»

«እናቴ፣ ሐዘንዎን ቤትዎ ውስጥ ያድርጉት። ሰው መሰብሰብ አያስፈልግም» አላትና መሐረቡን ኪሱ ከተተ።

ሰፈሩም ነገሩ ገብቶት በራችንን ዞሮ መሄድ ጀመረ። ለቅሶ የደረሰን ሰው የለም። ለአጎታችን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው።

* * *

ጥቅምት 6

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ባለቤትዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እየተመኘሁ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እማም «ታናሽ ወንድሜ» እያለች ትስምዎታለች።

የምጽፈው ደስ የሚል ነገር አይደለም። ወንድሜ ሞቷል። ከሥራ ታሞ መጣ፣ የእማ አልጋ ላይ ሲያስመልስ ዋለ፣ ከዚያ ወሰዱት። ቀጥሎ የሰማነው መኪና ገደለው የሚል ነው። አስከሬኑን አላየንም። መቃብሩም የሚገኘው ያለ ፈቃድ ወፍ በማይገባበት አጥር ውስጥ ነው።

አጎቴ፣ የእርስዎ መሥሪያ ቤት በየአገሩ እየዞረ የኑክሌር ቦምብ በድብቅ እንዳይሠራ የሚቆጣጠር ነው። ወንድሜ የሚሠራው ደግሞ በፓምፕ ፋብሪካ ነበር፤ ቧንቧ በያጅ ነው። የከተማችን የውሃ ፓምፕ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ከዚያ ሁሉ የፋብሪካ ሠራተኛ አንድም የሚጠግነው አልተገኘም። ከበሩ ፓምፕ ጭኖ የወጣ መኪናም አይተን አናውቅም። ወንድሜ ይህንን ስንልበት ይስቅና «እሱ ካለን ማንም አይነካንም» ይል ነበር። «እሱ» ምን እንደሆነ አይናገርም።

እማ የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው። ልጄ ምን ሆኖ ሞተ፣ እና መቃብሩ ላይ ተቀምጬ ላልቅስ። እርስዎ የተማሩ ነዎትና የመጀመሪያውን ቢነግሩን። እማ እሱ የተኛበትን ትራስ እስካሁን አላጠበችውም። በየቀኑ በላዩ ትተኛለች።

የእህትዎ ልጅ

* * *

ኅዳር 20

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ እናንተን ያጽና፤ እሱንም በቀኙ ያሳርፈው። እትዬን በርቺ በላት። ከዚህ ሆኜ አብሬያት አለቅሳለሁ።

ደብዳቤህ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ፖስታው መንገድ ላይ ተቀዶ ነበር መሰለኝ፣ ደግ ሰዎች በጥሩ ሁኔታ አሽገውታል። ስለዚህ ስለ ሥራ ነገር ባንጻጻፍ ይሻላል። እኔም ለሥራዬ የገባሁት ቃል አለ። ማንም ሰው ደግሞ የተወለደበትን አገር ጉዳይ እንዳይነካ ሕጋችን ይከለክላል። ስለ እናንተ አገር የማውቀው አንተ በጋዜጣ የምታነበውን ያህል ነው።

እዚህ ብርዱ ጀምሯል። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ያለው ዛፍ ቅጠሉን ጨርሶ አራግፏል። የምሠራበት ሕንፃ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ደረጃ እየወጣን ነው፤ ለሆዴ ጥሩ ነው ብለውኛል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከልብሶቹ አንድ ለማስታወሻ ብትልኩልኝ። የሥራ ልብሱ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ላቡን ያፈሰሰበት ነውና። በፖስታ አይሁን። ከባድ መኪና የሚነዳ ወዳጅ አለኝ፣ በእናንተ በኩል ያልፋል። ለእትዬ ትንሽ ነገር በእጁ ልኬያለሁ።

ትምህርትህን አትተው። እቅፍ አድርጌ እስምሃለሁ።

አጎትህ

* * *

ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? በሹፌሩ እጅ የላኩት ደርሶናል፣ እማ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ ብላለች። ይህንን ደብዳቤም ለእሱ ነው የምሰጠው፤ መኪናው ውስጥ ሆኖ እየጠበቀኝ ነው።

አባባ የሞተ ጊዜ ፎቶግራፉን ጠየቁን። ወንድሜ ሲሞት ጃኬቱን ጠየቁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ትንሽ ቅር ብሎኛል። እማን ግን ቅር አላላትም። ከሐዘኑ ወዲህ እጇን ለሥራ ስታነሳ ያየኋት የጃኬቱ ቀን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው በሳሙና አረፋ ተሞልቶ አገኘሁት። ጃኬቱን ዘፍዝፋ፣ አሽታ፣ እንደገና ዘፍዝፋዋለች።

«እማ፣ እንዳለ ብንልከው ምን አለበት?» አልኳት።

«ወንድሜ ቤት ሚስቱ ፊት ይሄ ይዘርጋ? ይሄ ልጅ እናት የለውም ነበር ወይ ትበል?» አለችኝ።

የተበጠሰውን ቁልፍ ተከለች፤ እጅጌው ላይ የብየዳ ብልጭታ ያቃጠለውን ቀዳዳ ከውስጥ ደገፈችው፤ ተኮሰችው። ሹፌሩን «እጥፋቱ እንዳይበላሽ ጭንህ ላይ አድርገው» ስትለው ሰውዬው ሳቀ። እኔ እያየሁት፣ እሷ ከዞረች በኋላ እውነትም ጭኑ ላይ አደረገው።

ትምህርት ቤት ደህና ነው። የሥነ ዜጋ መምህራችን ሰሞኑን ስለ ኑክሌር መሣሪያ አስተማሩን። ጥቅሙ አለመተኮሱ ነው፣ መሣሪያው እንዳለህ ጠላት ካወቀ አይደፍርህም አሉ። ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ፣ «ካርቶን» የምንለው፣ እጁን አወጣ። «መምህር፣ የማይተኮስ ከሆነ ለምን ከካርቶን አንሠራውም?» አለ። ክፍሉ ሲስቅ መምህሩ ቆጡት። ቅጽል ስሙ የወጣለት የዚያን ቀን ነው። ወንድሜ ይህንን ቢሰማ ምን ይል ነበር ብዬ ስመለስ እያሰብኩ መጣሁ፤ በሩን ከፍቼም ልነግረው ጠራሁት።

የእህትዎ ልጅ

* * *

ጥር 2

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ይህ ደብዳቤ ከሹፌሩ እጅ ወደ አንተ እጅ ነው የሚሄደው። አንብበህ ለእትዬ ካነበብክላት በኋላ የምታደርገውን ታውቃለህ።

ጃኬቱ ደረሰኝ። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ወንበር ላይ ሰቀልኩትና ሳቅሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደ ማስታወሻ ጠየቅሁ፣ እህቴም እንደ ማስታወሻ አክብራ ላከችልኝ።

ሥራችን እንዲህ ነው። ሁለት ሁለት ሆነን እንገባለን። ጓንት እናደርጋለን። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ እናወጣና ግድግዳውን፣ የበሩን እጀታ፣ የአየር ማስወጫውን ጫፍ እናብሳለን። ጨርቁን በከረጢት፣ ከረጢቱን በሌላ ከረጢት እናደርጋለን። ጓንቱን ጥለን ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ስታየው የቤት ጽዳት ይመስላል። ነገር ግን ዩራኒየምን ለቦምብ የሚያበለጽግ ቤት ለዓይን የማይታይ ብናኝ በየቦታው ይጥላል። አንዲት ቅንጣት ብትገኝ ቤተ ሙከራው ምን እንደነበረች ይናገራል። ፓምፕ የሚሠራ ቤት እንዲህ ዓይነት ብናኝ አይኖረውም። የሠራተኛ ልብስ ላይም አይገኝም።

ለመሥሪያ ቤቴ ልሰጠው አልነበረም። በእኔ እጅ የገባ ነገር ለእነሱ ዋጋ የለውም። ተቆጣጣሪዎቹ በገዛ እጃቸው፣ ሁለት ሆነው፣ ከቦታው ያላነሱትን አይቀበሉም። እኔ ለራሴ ማወቅ ፈልጌ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ በሰው አገር የምፈልገው ነገር የእህቴን ልጅ ገድሎት እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።

አሁን ዋናው። እትዬ በዚያ ትራስ አትተኛ። አልጋውን አትንኩት፣ አታራግፉት፣ ክፍሉ ውስጥ አትብሉ። ብናኙ ሳንባ ከገባ አይወጣም። ይህንን በፖስታ ልጽፍላችሁ አልቻልኩም።

ፈጣሪ ይጠብቃችሁ።

አጎትህ

* * *

ጥር 14

ይድረስ ለአጎቴ፣

ሰላምታዬ እንዳለ ሆኖ።

ደብዳቤዎን ለእማ አነበብኩላት። ከዚያ «ቆሻሻውን ነበር የፈለገው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ እንደሱ አይልም ነበር? ቀኑን ሙሉ ያሸሁትን።»

ስለ ትራሱ ያሉትን ደግሜ አነበብኩላት። «ልጄ የተኛበት ላይ ነው የምተኛው» አለችና ክፍሏ ገባች። እየለመንኳት ነው። ልወስድባት ብሞክር ደግሞ ነክቼው አራግፈዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

አጎቴ፣ እማ በየቀኑ በላዩ እንደምትተኛ የጻፍኩልዎ በጥቅምት ነው። የነገሩን በጥር ነው። በመካከሉ ስለ አሳንሰር ጻፉልኝ። ወንድሜ ይህንን ቢያነብ አውጣው ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን አላወጣውም።

ሌላም የምጠይቅዎ አለ። ቦምቡ ባይገኝ፣ ጎረቤት አገር ይጠረጥርና የራሱን ይሠራል። ቢገኝስ? ማዕቀብ ይጣልብናል፣ የእማ የደም ግፊት መድኃኒት ከመደብሩ ይጠፋል። ወይም አውሮፕላን መጥቶ ፋብሪካውን ይደበድባል፤ ወንድሜ ያለው እዚያ ነው። እርስዎ ነጭ ጨርቅዎን ይዘው የሚዞሩት የትኛው ይሻላል ብለው ነው?

የፋብሪካው ሹም፣ ወንድሜ «ጉንፋን» ይለው የነበረው፣ ትናንት መጥቶ ነበር። «የፋብሪካው ንብረት የሆነ ጃኬት ቤት ውስጥ አለ» አለ። እማ «ለለማኝ ሰጠሁት» አለችው። ቤቱን በዓይኑ ዞረው፣ አልጋውን ግን አላየውም፤ የሴት አልጋ ነው ብሎ መሰለኝ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሌላ ነገር አመጣ። ግቢው ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ መኖሪያ ይሰጣል፤ መቃብሩም ከዚያ ቅርብ ነው። የገባ ሰው ውሉ እስኪያልቅ አይወጣም፣ ደብዳቤም አይጽፍም። እማ አንድ ነገር ብቻ ትፈርማለች፤ ልጄ በመኪና አደጋ መሞቱን አምኛለሁ ብላ።

እማ አላባረረችውም። አጎቴ፣ እንደወትሮዋ ቢሆን ታባርረው ነበር።

የእህትዎ ልጅ

* * *

ጥር 29

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

የተቆጣህበት ደብዳቤ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። አላወጣኸውምና ደስ ብሎኛል። ልክ ነህ። ቃሌን አከበርኩ፣ እህቴን ግን በዚያ ትራስ ላይ ተውኳት። ይህንን የሚያቃልል ነገር የለኝም።

ለጥያቄህ ድሮ መልስ ነበረኝ። ወጣት ሆኜ ስብሰባ ላይ ስናገረው ሰው ያጨበጭብልኝ ነበር። ሁለት ጎረቤታሞች በየቀኑ አጥራቸውን ከፍ ሲያደርጉ የምትፈራው የአጥሩን ከፍታ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሌላው የደበቀውን ሳያውቅ ሲቀር የሚያስበውን ነው የምትፈራው፤ ስለዚህ ማወቅ ካለማወቅ ይሻላል እል ነበር። ዛሬም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ያገኘነውን ይዘው የሚወስኑት ሌሎች ናቸው፤ የሚወስኑት ሁሉ ደግሞ አልጋ ላይ ሲያስመልስ የዋለ ልጅ አያውቁም። እኔ ጨርቁን አሽጌ አስረክባለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ አይደለም ስል ኖሬያለሁ።

ጋዜጣው ላይ እንደወጣው የእኛ ሰዎች በየካቲት ሦስተኛ ሳምንት እናንተ ጋ ይመጣሉ፤ ፋብሪካውንም ያያሉ። መንግሥትህ ራሱ አሳውቋል። እኔ አልኖርም፣ እንዳልኖርም ሕግ ነው። ፋብሪካው ቀለም እየተቀባ እንደሆነ ከሹፌሩ ሰምቻለሁ። ደጋግመው ሲቀቡ፣ ወለሉን አንስተው ሌላ ሲያነጥፉ ብዙ አገር አይቻለሁ። ሹሙ እትዬን ለምን አሁን እንደፈለጋት ከዚህ ይገባሃል። እንግዳ ሲመጣ ማንንም እንዳታናግር እሷ አጥሩ ውስጥ ትሁንልን ነው።

የሠራተኛን ቤት ግን ማንም መቀባት አይታወሰውም። የእኛ ሰዎች ከተስማሙበት ዝርዝር ውጭ ያለን ቦታ ለማየት መጠየቅ ይችላሉ። የቤቱ ሰው «ግቡ» ካላቸው ደግሞ ነገሩ ይቀላል።

ይህንን እንደ ተቆጣጣሪ አልጽፍልህም፤ እንደ ተቆጣጣሪ ብጽፍ እባረራለሁ። እንደ አጎትም አይደለም፤ አጎት ቢሆን ዝም በል፣ ትምህርትህን ተማር ነበር የሚልህ። እንደ ማን ሆኜ እንደምጽፍልህ አላውቅም። እንድታደርገው አልለምንህም፣ እንዳታደርገውም አልከለክልህም።

እትዬ ከመፈርሟ በፊት ይህንን አንብብላት።

አጎትህ

* * *

የካቲት 19

ይድረስ ለአጎቴ፣

በሰላም ከርመዋል ብዬ አምናለሁ።

አነበብኩላት። ፈርማለች። ነገ ትገባለች። እኔ ትምህርቴን እስክጨርስ እዚሁ እቆያለሁ፣ ከጎናችን ያለችው ልብስ ሰፊ እያየችኝ።

ጉንፋን እስክሪብቶውን ሲቀበላት «ጥሩ አደረጉ እናቴ» አላት። «ልጄ በመኪና የሞተው በአንተ አፍ ነው እንጂ በእኔ አይደለም» አለችው። መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ።

ሹፌሩ እየተጣራ ነው፤ እዚህ ላይ ላቁም።

የእህትዎ ልጅ

* * *

ወንድም ጋሼ፣ ደብዳቤዎቹ እዚህ ላይ አለቁ። የቀረውን ለአጎታችን አልጻፍኩም፤ መጀመሪያ ለአንተ ነው።

እማን እስከ ፋብሪካው በር ድረስ ሸኘኋት። ሁሉን ነገር አጥባ፣ አጥፋ፣ ማድጋውን ሳይቀር ገልብጣ ነበር ከቤት የወጣችው። የራሷን አልጋ ግን እንዳለ ተወችው። ይህች ሴትዮ ያልተነጠፈ አልጋ ትታ ከቤት ወጥታ እንደማታውቅ አንተ ታውቃለህ። መንገድ ላይ ስንደርስ «አልጋዬን እንዳትነካው» አለችኝ። «ሰው ከመጣ እንዳለ ይየው።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ወንድሜ ይመጣሉ ብሎ የጻፈልን ነዋ።»

ቆምኩ። «እማ፣ አንቺ ውስጥ ሆነሽ እንዴት ብዬ? አንድ ነገር ቢያደርጉሽስ?»

«እኔ ልጄ ጋ እየሄድኩ ነው። ከዚያ ወዲያ ወዴት ይወስዱኛል?» ሻንጣዋን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ጃኬቱን አጥቤ አበላሸሁባችሁ። ይሄን ግን አላጠብኩም።» ከዚያ የበሩ ጠባቂ ጠራትና ሄደች። ዞር ብላ አላየችኝም። እኔም አልጠራኋትም፤ ብጠራት ድምፄ የአንተን ይመስላታል ብዬ።

ትናንት ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። ስነቃ ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ለትንሽ ጊዜ ተኝቼ የእማን በር አየሁት። እንግዶቹ ጋ ሳልሄድ ብቀር ማንም አያውቅም፤ እማም ከመቃብርህ አጠገብ በሰላም ልብስ እያጠበች ትኖራለች። አንተም የሞትከው በመኪና ይሆናል። ይህንን በደንብ አሰብኩበት። ከዚያ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ የትምህርት ቤት ልብሴን ለበስኩ። ከእሱ የተሻለ ስለሌለኝ ነው።

እንግዶቹ ያረፉት አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ማረፊያ ነው። ሁለቱ ነጭ መኪኖቻቸው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ሽበታም ሴትዮና ረጅም ሰውዬ ዕቃ ሲጭኑ ደረስኩ። ከመንግሥት የተመደበላቸው አጃቢ ስልኩን ይዞ ቆሟል።

«አንተ፣ ትምህርት ቤት የለህም?» አለኝ።

«አለኝ። እንግዶቹን ቤቴ ልጋብዝ ነው።»

«ምን ልታበላቸው?»

«ምንም።»

ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ለሴትዮዋ ትምህርት ቤት በተማርኩት የውጭ ቋንቋ ነገርኳት። ስለማመደው ነው የሰነበትኩት። ወንድሜ ፋብሪካው ውስጥ በያጅ ነበር፣ ከሥራ መጥቶ የእናቴ አልጋ ላይ ተኛ፣ ሞተ፣ አልጋው እንዳለ ነው፣ እባካችሁ ቤቴ ግቡ አልኳት። ጓንቷን ኪሷ ስትከት እያየኋት እጇ መሃል ላይ ቆመ። ረጅሙን ሰውዬ አየችው። ከዚያ ወደ አጃቢው ዞራ፣ ከዝርዝሩ ውጭ አንድ ቦታ ለማየት እንጠይቃለን አለች፤ ሰዓቱንም ጻፈች።

አጃቢው ደወለ። አለቃው ገና ቢሮ አልገባም፣ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ደጋግሞ ሞከረና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው በሆነ ድምፅ «ወንድሜ፣ ተው። እናትህ የት ነች?» አለኝ።

«ውስጥ ናት» አልኩት።

ፊቱን አዞረ። እምቢም አላለም፣ እሺም አላለም። ሴትዮዋ «መንገዱን አሳየን» አለችኝ።

በእግር ነው የሄድነው። ልብስ ሰፊዋ ሱቋን እየከፈተች ነበር፤ አይታን ግማሽ ላይ ተወችው። ሁለቱ በራችን ላይ ጫማቸውን በቀጭን ከረጢት ሸፈኑ። አጃቢው ውጭ ቀረ። እኔ የእማን ክፍል በር ከፍቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሴትዮዋ ነጩን ጨርቅ አወጣችና ትራሱን፣ የአልጋውን ራስጌ፣ ጃኬትህ ተሰቅሎበት የነበረውን ምስማር አበሰች። ቀስ ብላ ነው፣ የታመመ ሰው ፊት እንደምታብስ ሆና። ረጅሙ ሰውዬ ከረጢቱን ይዞላት ይቀበላታል፣ ያሽጋል፣ ይጽፋል። ሲጨርሱ ወንበር አቀረብኩላቸው። አይቀመጡም ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ጓንቷን አወለቀችና ተቀመጠች፤ እሱም ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። ከመስከረም ወዲህ ቤታችን ገብቶ እንደ ለቅሶ ደራሽ የተቀመጠልን ሰው እነሱ ናቸው።

ከዚያ ውጭ የአጃቢው ስልክ ጠራ። «አዎ ጌታዬ» ሲል ሰማሁት። «አዎ። ልጁ ነው። አይ፣ ብቻውን ነው።»

ከሄዱ በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ፋብሪካው ድረስ ሄጄ ከአጥሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ግንቡ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጭስ ማውጫ ከዚያ ይታያል፣ እሱን ሳይ ቆየሁ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጭሱ መውጣት ጀመረ። ሥራ ጀምረዋል ማለት ነው። ከሥሩ የሚያጥበው ማን እንደሆነ ግን ከውጭ አይታይም።